የነሐሴ 1969 ድሬዳዋና የኑረዲን ፋራህ «ካርታዎች»

ከ1969 ዓ.ም. ሐምሌ እስከ 1970 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል የተካሄደው ጦርነት በሁለቱም ወገን ብዙ ተጽፎለታል። እነዚህ ጽሑፎች የጦር ክፍሎችን እንቅስቃሴ፣ የሶቪየት ኅብረትን አሰላለፍ መለወጥና የኩባ ወታደሮችን መምጣት በቅደም ተከተል ስለሚያስረዱ ጦርነቱ መቼ ተጀምሮ መቼ እንዳበቃ ለማወቅ አያስቸግሩም። በሰው ልቡና ውስጥ መቼ እንደጀመረና እስከ ዛሬ ማብቃት አለማብቃቱን ለሚጠይቅ አንባቢ ግን ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ ይህን ጥያቄ በጥልቀት ከመረመሩት ሥራዎች አንዱ ሶማሊያዊው ደራሲ ኑረዲን ፋራህ እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ካርታዎች» የተሰኘው ልቦለድ ነው።

የልቦለዱ ታሪክ በዋነኛነት የሚፈጸመው በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር ባለችው ቀላፎና በሞቃዲሾ ቢሆንም፣ ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ነው፤ ስለዚህም ከጥንስሷ ጀምሮ በባቡር መነሻና መድረሻ ሰዓት የምትተዳደር ከተማ ነበረች። ጦርነቱ በ1969 ዓ.ም. ከሁሉ አስቀድሞ የመታው ይህንኑ ሰዓት ሲሆን፣ የሐዲዱ ድልድዮች በፈንጂ ሲፈርሱ ባቡሩ ቆመ። ቀጥሎም ነሐሴ 11 ቀን ታንክና መድፍ ያሰለፈ የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዋ ዳርቻ ዘልቆ፣ ከኢትዮጵያ አየር ኃይል ምድብ የሚነሡ ጄቶች ከእግረኛው ጋር ሆነው ባደረጉት መከላከል ከተማዋን ሳይዝ ተመለሰ።

ያ ቀን በድሬዳዋ አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 11 ስለነበር የኦርቶዶክስ ምእመናን በፍልሰታ ጾም ላይ ነበሩ፤ በሒጅራ አቆጣጠር የ1397 ረመዳን ገና መግባቱ ስለነበር ሙስሊሙም መጾም ጀምሮ ነበር፤ የባቡር ድርጅቱ ፈረንሳዮች ባመጡት አቆጣጠር ደግሞ ኦገስት 17 ቀን 1977 ነበር። በደቻቱ ወዲህና ወዲያ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ የከባድ መሣሪያውን ድምፅ የሰማው ሕዝብ አብዛኛው ጾመኛ ነበር ማለት ነው። የታሪክ መጽሐፍ ከሦስቱ ቀኖች አንዱን መርጦ ይመዘግባል፤ ሦስቱንም ባንድነት መያዝ የሚችለው የጽሑፍ ዓይነት ልቦለድ ነው፣ በተለይም የሞደርኒዝምን ስልት የሚከተል ልቦለድ።

ሞደርኒዝም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአውሮፓ የተስፋፋ የጥበብ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ በልቦለድ ረገድ ዋናው ለውጡ ታሪኩን በድርጊት ቅደም ተከተል ከመናገር ይልቅ ነገሩ በገጸ ባሕርዩ አእምሮ ውስጥ በሚመላለስበት ሥርዓት ማቅረቡ ነው። ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመችው «ሚስስ ዳሎዌይ» የለንደኑ የቢግ ቤን ደወል ለሁሉም ሰው እኩል ሲደውል፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ሴፕቲመስ ግን የሞተ ጓደኛውን በመናፈሻ ውስጥ ያያል። የሥነ ልቦና ቁስል የሚባለው ይህ ነው፤ ያለፈው ነገር እንዳለፈ ሆኖ ከመታወስ ይልቅ አሁን እንደሚፈጸም ሆኖ ይመለሳል።

ኑረዲን ይህን ስልት የወሰደው ከመጻሕፍት ብቻ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1945 በባይዶዋ ተወልዶ በቀላፎ ያደገ፣ እናቱ ቃላዊ ግጥም የምትገጥም፣ በልጅነቱ ከእንግሊዝኛና ከዓረብኛ ጋር አማርኛ የተማረ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወሰኑ አካባቢ ግጭት ሲነሣ ቤተሰቡ ከኦጋዴን ተሰድዷል። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚያድ ባሬ መንግሥት ምክንያት ከአገሩ ርቆ በስደት ኖረ። ስለዚህ ስለ ጦርነቱ ሲጽፍ ለሞቃዲሾ መንግሥትም ሆነ ለአዲስ አበባው ባለዕዳ አልነበረም፤ የመጽሐፉ ነጻነትም ከዚህ የመነጨ ነው።

የ«ካርታዎች» ዋና ገጸ ባሕርይ አስካር እሱ ሳይወለድ አባቱ የሞተበት፣ እናቱም እንደወለደችው ያረፈችበት ልጅ ነው። ከሬሳዋ አጠገብ አግኝታ የምታነሣውና የምታሳድገው ሚስራ የምትባል፣ በልጅነቷ ከትውልድ አገሯ ተጠልፋ የመጣች የኦሮሞ ሴት ናት። አስካር የተወለደበትን ሰዓት አስታውሳለሁ ይላል፤ ማንም ሊያስታውሰው የማይችለውን ነገር በዓይኑ እንዳየው አድርጎ ይናገራል። ደራሲው ይህን የልጅ ቅዠት አድርጎ አያጣጥለውም፤ ሰው ከአሳዳጊው አፍ የሰማውን የገዛ ትዝታው አድርጎ እንደሚይዝ፣ ትዝታ ውርስም ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይበት መንገድ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ግኝት ግን በሰዋስው ውስጥ ያለ ነው። የአማርኛ ሰዋስው ተናጋሪውን አንደኛ መደብ፣ ሰሚውን ሁለተኛ መደብ፣ የሚወራለትን ሦስተኛ መደብ ይለዋል። የኑረዲን ምዕራፎች በእነዚህ ሦስት መደቦች ይፈራረቃሉ፤ በአንዱ አስካር «አንተ» እየተባለ እንደ ተከሳሽ ይጠየቃል፣ በሌላው «እኔ» ብሎ ራሱ ይናገራል፣ በሌላው ደግሞ «እሱ» ሆኖ ከሩቅ ይታያል። የተናጋሪው አለመርጋት የቁስሉ መልክ ነው፤ ያሳደገችው ሴት ከጠላት ወገን የተቆጠረችበት ልጅ ስለ እሷ በአንድ አፍ ሊናገር አይችልም። እናት በኦሮምኛ ሃዳ፣ በሶማሊኛ ሆዮ፣ በአማርኛ እማዬ ስትባል እየሰማ ላደገ የድሬዳዋ ልጅ ይህ ችግር ማብራሪያ የሚያሻው አይመስልም፤ በዚያ ነሐሴ የሦስቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች በአንድ ሰፈር ነበሩ፣ ጦርነቱ ግን ከእያንዳንዱ ቤት አንድ መደብ ብቻ ይጠይቅ ነበር።

አስካር ወደ ሞቃዲሾ ሄዶ ከአጎቱ ከሂላልና ከባለቤቱ ከሰላዶ ጋር ሲኖር ካርታ ማየትና መሣል ይወዳል፣ የጦርነቱንም ሂደት በካርታ ላይ ይከተላል። አስካር በሚሥላቸው ካርታዎች ውስጥ እውነት ያገኝ እንደሆነ አጎቱ ሲጠይቀው ልጁ ይቸገራል። ካርታ የአንድን ቀን ድል የዘላለም አስመስሎ ያስቀምጣል፤ በመስከረም 1970 ሶማሊያ የያዘቻት ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተመልሳለች፣ በወረቀት ላይ የተሠመረውም መሥመር አብሮ ፈርሷል። ያልፈረሰው የሰውነት ትዝታ ነው፤ አስካር የሚስራን ገላና ሽታ እንደ አገር ያስባል፣ ኑረዲንም በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ ውብ የሆኑትን ገጾች የጻፈው ስለዚህ ትዝታ ነው።

ሚስራ በቀላፎ ከ600 በላይ ሰዎችን ለኢትዮጵያ ጦር አሳልፋ ሰጥታለች ተብላ ትከሰሳለች። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት ልቦለዱ አይበይንም። ታማ ሞቃዲሾ ትመጣለች፣ ከሆስፒታል ትጠለፋለች፣ በመጨረሻም አስከሬኗ ልቡ ወጥቶ ከባሕር ይገኛል። እዚህ ላይ በደራሲው ላይ መነሣት ያለበት ቅሬታ አለ፤ ሦስቱም መደቦች የአስካር ናቸው፣ ሚስራ ግን በመጽሐፉ ሁሉ አንድም ምዕራፍ «እኔ» ብላ አትተርክም። ሁለቱ ጦሮች የነጠቋትን ድምፅ ልቦለዱም ሳይመልስላት ቀርቷል፣ ይህም የሚያሳዝነው ደራሲው ከሁሉ ይልቅ የሚያፈቅራት እሷን መሆኑ በየገጹ ስለሚታይ ነው።

በመጨረሻዎቹ ገጾች ፖሊሶች አስካርን ስለ ሚስራ ሞት ሊጠይቁት ይመጣሉ። ስሙን ሲጠይቁት ስለ ራሱና ስለ ሚስራ መናገር ይጀምራል፤ አንባቢው እስከዚያ ድረስ ያነበበው ሁሉ ለፖሊሱ የተነገረው ቃል እንደነበርና በዚያ ቃል ውስጥ ተከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም አንድ ልጅ እንደነበር ይረዳል። ታሪኩ ከፖሊሱ ፊት እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፤ የሞተች እናት፣ ከአጠገቧ የሚያይ ሕፃን፣ በር ከፍታ የምትገባ አንዲት የኦሮሞ ሴት።