ዳዊትን «እሴይ» ብሎ የጠቀሰ የለም

ደጀን ላይ አንድን ሰው «የእገሌ ልጅ» ብሎ መጥራት ወግ ነው። የልጁን ሥራ ለአባትየው መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። የማጣቀሻ ስልቶች ይህን ሲያደርጉብን ኖረዋል።

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትን እንውሰድ። ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦክስፎርድ ታተመ። በውጭ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ «ታምራት፣ ታ. (1972)» ተብሎ ይጠቀሳል። ታምራት ግን አባታቸው ናቸው! የአንድ ሰው ሥራ አንዴ በ«ታደሰ»፣ አንዴ በ«ታምራት» ሲመዘገብ ደግሞ የፍለጋ ውጤቱ ለሁለት ይከፈላል።

ነገሩ ተንኮል የለበትም። ኤፒኤ የሚባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ1929 ሲጀመር ሰባት ገጽ ያህል መመሪያ ነበር፤ የቤተሰብ ስም ከትውልድ ትውልድ ለሚወርድበት አገር የተሠራ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም።

መጥቀስ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። የአንድምታ መምህር ሐሳቡን ካስቀመጠ በኋላ የግእዙን ቃል ያመጣና «እንዲል» ብሎ ይዘጋል። ምንጩን በገዛ ስሙ ይጠራዋል፦ ዳዊት፣ ኢሳይያስ፣ ጳውሎስ። ዳዊትን በአባቱ «እሴይ፣ ዳ.» ብሎ የጠቀሰ መምህር የለም። ሃምቡርግ የተዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ዓመተ ምሕረት ነው። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1965 ወይም 1966 መሆኑ ነው። «ዓ.ም.» የምትለዋን ጥላችሁ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ «1958» ብላችሁ ከተዋችሁት፣ መጽሐፉ ሳይጻፍ በፊት ታተመ እንደማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዞቴሮ ላይ ሁለቱን የስም ሳጥኖች ወደ አንድ የሚቀይር ምልክት አለ። ቢብቴክ ላይ ሙሉ ስሙን በተጨማሪ ጥምዝ ቅንፍ ክበቡት፤ ፕሮግራሙ አይቆርጠውም። ኤፒኤም ሆነ ቺካጎ ብትመርጡ ለውጥ የለውም፤ ዋናው አንዱን ይዞ መዝለቅ ነው። የራሳችሁንም ስም የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት ወስኑት፤ ከዚያ በኋላ አትለዋውጡት። አባቶቻችን ያሳደጉን በስማችን እንድንጠራ ነው።