የሥልጠና ገንዘብና የመሳለሚያ ሕመምተኛ፦ መንግሥት ያስተማረው ሐኪም የት ይቀራል?



ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጥያቄ አጭር ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐኪም ለማሠልጠን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ገንዘብ አውጥቷል። ያ ገንዘብ ሐኪሙን ድሃው ሕዝብ ወደሚታከምበት ጤና ጣቢያ አድርሶታልን? ካደረሰውስ አቆይቶታልን? ጥያቄውን የበጀት ባለሙያ በአኀዝ ሊመልሰው ይችላል። እኔ የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ ገንዘቡ በየዘመኑ በማን እጅ ወጥቶ በማን እጅ እንደገባ በመከተል ልመልሰው እሞክራለሁ።

የሐኪም እጥረት ሲነሣ ሐሳባችን ቶሎ ወደ ሩቅ ገጠር ይሄዳል። እኔ ግን ከመሳለሚያ ብጀምር እመርጣለሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ዋናውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲያቋቁም፣ ለአገሬው ሰው ብሎ የለየው ሰፈር «አዲስ ከተማ» ተባለ። መሳለሚያ የዚያ ገበያ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። እህል በረንዳ ከየአውራጃው የመጣውን ጤፍና ስንዴ ይቀበላል፤ አውቶቡስ ተራም ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ሰው ያወርዳል። ኩንታል ተሸካሚው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ከገጠር በቅርቡ ገብቶ በደባልነት የሚያድረው ወጣት ሁሉ እዚህ ይውላል። ጥቁር አንበሳም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከዚህ ሩቅ አይደሉም። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው በቀጥታ የሚያንኳኳው የሆስፒታልን በር ሳይሆን የጤና ጣቢያን በር ነው። ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው የሪፈር ወረቀት ነው። በጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀብሎ የሚመረምረው ሰውም ለረጅም ዘመን ጤና መኮንን ወይም ነርስ ሆኖ ቆይቷል። የእነርሱን ሙያ ለማሳነስ አልናገርም፤ የአገሪቱን ጤና በትከሻቸው የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ በብዙ ወጪ የሠለጠነው ሐኪም እምብዛም በማይርቀው በር ላይ ለምን ሳይቆም ቀረ? ቅርበት ብቻውን ሐኪም ያመጣ ቢሆን ኖሮ መሳለሚያ ባልተቸገረ ነበር።

መልሱ በታሪካችን ውስጥ ይገኛል። መንግሥት ሐኪም ለማፍራት የተከተለውን መንገድ በአራት ምዕራፍ ከፍዬ አያለሁ።

የመጀመሪያው ወደ ውጭ መላክ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕክምና ትምህርታቸውን ያገኙት ከመቅደላ በኋላ በወሰዷቸው እንግሊዞች እጅ ስለነበር የኢትዮጵያ መንግሥት ወጪ አልነበረበትም። ዶክተር መላኩ በያን ግን በዘመኑ አልጋ ወራሽ በነበሩት በራስ ተፈሪ ተልከው በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ተማሩ። ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ጦርነት መጣ፤ ሐኪሙም በጦር ሜዳ፣ በቤተ መንግሥትና በዲፕሎማሲ አገልግሎት ተጠመዱ፤ በመጨረሻም በአሜሪካ የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲያስተባብሩ አረፉ። ክፍያው ከቤተ መንግሥት የወጣ ነበርና ሐኪሙም የቤተ መንግሥትና የአገር ጉዳይ ሐኪም ሆኑ። የሰፈር ሕመምተኛ በዚያ ስሌት ውስጥ ገና አልገባም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ጎንደር ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የገባው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሰ። ከዚያ መከራ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ወጪውን ተጋሩ። ኮሌጁ የሚያሠለጥነው ሐኪሞችን አልነበረም፤ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ነበር። ለዛሬው ጉዳያችን ትልቁ ቁም ነገር የሥልጠናው ቦታ ነው። ተማሪዎቹ በክፍል ከተማሩት ባሻገር በአካባቢው ባሉ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች፣ ከእነዚህም በአንዱ በቆላ ድባ፣ በቡድን ሆነው ይሠሩ ነበር። ምሩቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመደብ ቤቱን ያውቀዋል፤ የመድኃኒቱን መጋዘን፣ የውኃ ጉድጓዱን፣ የክትባቱን ዘመቻ፣ የጭቃ ሹሙን ጸባይ ሳይቀር አይቶታል። ገንዘቡ ወደ ጤና ጣቢያው ስለገባ ሠልጣኙም የጤና ጣቢያ ሰው ሆኖ ወጣ።

ይህን ምዕራፍ ግን ከእውነቱ በላይ ላስጊጠው አልፈልግም። ብዙ ጤና መኮንኖች ከጥቂት ዓመት አገልግሎት በኋላ ሐኪም ለመሆን ወደ ትምህርት ተመለሱ። ደመወዙም፣ ማዕረጉም፣ የእድገቱ መንገድም ወደ ሆስፒታል ያመለክት ነበርና አይፈረድባቸውም። ኮሌጁ ራሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ፤ የጤና መኮንን ሥልጠናም ተቋርጦ እንደገና የጀመረው በ1980ዎቹ ማብቂያ ነው። ከዚህ የምንማረው ሥልጠና በትክክለኛው ቦታ ቢሰጥ እንኳ ከሥልጠናው በኋላ የሚጠብቀው ኑሮ ካልተስተካከለ ሰው እንደሚፈስስ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የሆስፒታሉና የግዴታው ዘመን ነው። በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ በ1970ዎቹ ጎንደርና ጅማ ተከተሉ። ሐኪምን በአገር ቤት ማሠልጠን ታላቅ ድል ነበር። ነገር ግን የሥልጠናው ገንዘብ በዩኒቨርሲቲ በኩል ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ገባ። ወጣቱ ሐኪም ለዓመታት የሚያድገው በዚያ ሆስፒታል ነው። ላቦራቶሪው ቅርብ፣ ራጁ ቅርብ፣ የሚጠይቀው አዛውንት ሐኪም ቅርብ፣ ስፔሻሊስት የመሆኑም ተስፋ በዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እንዲህ ሆኖ የተቀረጸ ሰው በአንድ የሙቀት መለኪያና በአንድ ማዳመጫ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ሲላክ፣ የሚሰማው የሹመት ሳይሆን የግዞት ስሜት ነው። ጥፋቱን በጨዋነቱና በአገር ፍቅሩ ላይ መደፍደፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ያሠለጠነው ቦታ ሌላ የሚሠራበት ቦታ ሌላ ሆኖበታል።

መንግሥት ይህን ክፍተት በግዴታ ሊደፍነው ሞከረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ይልክ ነበር። ደርግ ምሩቃንን ሁሉ በማዕከል ይመድብ ነበር። ከዚያ በኋላ የሐኪሞች ዕጣ መጣ፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ምሩቃኑን በዕጣ ለየክልሉ ያከፋፍላቸው ጀመር። ሩቅ ክልል የደረሰው ባነሰ ዓመት፣ አዲስ አበባ የደረሰው በበለጠ ዓመት ግዴታውን ይጨርስ ነበር፤ እስኪጨርስም የትምህርት ማስረጃው በመያዣነት ይቀመጣል። አዋጅ ቁጥር 351/1995 የወጪ መጋራትን ሥርዓት ሲያመጣ፣ የትምህርቱ ክፍያ በግልጽ የዕዳ መልክ ያዘ።

ስለ ዕጣው ሁለት ነገር መናገር ይገባኛል። አንደኛ፣ ዕጣ ዘመድ አያውቅም፤ የሹም ልጅና የገበሬ ልጅ ከአንድ ሣጥን ያወጣሉ። ይህ ቀላል ፍትሕ አይደለም። ሁለተኛ፣ በግዴታ የሄደ ሰው ቀኑን ይቆጥራል። ዮስት ደ ላትና ዊልያም ጃክ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የኢትዮጵያን የሐኪሞች ዕጣ ሲያጠኑ ትኩረታቸውን ከሳቡት ነገሮች አንዱ፣ ወደ ዕጣው የሚገቡና ከዕጣው ውጭ የራሳቸውን መንገድ የሚመርጡ ምሩቃን መኖራቸው ነበር። መውጫ ያለው ይወጣል፤ የሌለው ይሄዳል፤ የሄደውም ማስረጃውን ሲረከብ ይመለሳል። ወረዳው በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አዲስ ሐኪም ይቀበላል፤ አንድም ጊዜ ግን የራሱ ሐኪም አይኖረውም።

አራተኛው ምዕራፍ በተለምዶ የጎርፍ ስልት የሚባለው ነው። አመክንዮው ቀላል ነበር፦ የሚፈስሰውን መከልከል ካልተቻለ፣ ምንጩን አብዝቶ ማጥለቅለቅ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች በየቀበሌው ተሰማሩ። ቀጥሎ 5,000 ጤና መኮንኖችን በአጣዳፊ ለማሠልጠን ታቀደ። ሐኪም ላልደረሰባቸው ሆስፒታሎች ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስትሬት ደረጃ ይሠለጥኑ ጀመር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፍተው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች በአራት ዓመት ሐኪም ለማድረግ ተነሡ። በዓመት በመቶዎች ይቆጠር የነበረው የሕክምና ተማሪ ቅበላ ወደ ሺዎች ዘለለ።

ምንጩ በዛ። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም በዕድሜያችሁ አይታችሁታል። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው አደባባይ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም አያቶቻችን ሊያምኑት የማይችሉት ነገር ተሰማ፦ ተመርቆ ምደባ ያጣ ሐኪም። ሐኪም በሌለው አገር ሥራ ያጣ ሐኪም! ይህን ተቃርኖ ብዙ ሰው በአስተዳደር ድክመት ብቻ ይተረጉመዋል። እኔ ግን ሥሩ በሁለቱ ኪሶች መለያየት ላይ ይመስለኛል። ሐኪሙን የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ በጀቱን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ጤና ጣቢያው ግን የክልል፣ የከተማ አስተዳደር፣ የወረዳ ነው፤ የሥራ መደቡን የሚከፍተውና ደመወዙን የሚከፍለው የእነርሱ በጀት ነው። አንዱ ኪስ አንድ ሺህ ሐኪም ሲያስመርቅ፣ ሌላው ኪስ አንድ ሺህ መደብ እንዲከፍት የሚያስገድደው አልነበረም። የጎርፉ ስልት ወንዙን አሰፋ፤ መስኖውን ግን ለሌላ ባለቤት ተወው።

አሁን ወደ መሳለሚያ እንመለስ። በደረጃው መሠረት የከተማ ጤና ጣቢያ የሚታሰበው ለ40,000 ሕዝብ ነው። በገበያ ሰፈር ግን ቀን የሚውለውና ማታ የሚያድረው ሕዝብ አንድ አይደለም፤ በመዝገብ የሌለው ተሸካሚም ይታመማል። እዚህ ጤና ጣቢያ የሚቀመጥ ሐኪም ወደ ስፔሻሊቲ የሚያደርስ መሰላል ከፊቱ ካላየ፣ የሚማክረው አንጋፋ ባልደረባ ከሌለው፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው የግል ክሊኒክ ደግሞ ከደመወዙ የበለጠ ካቀረበለት፣ ልቡ በዚያ እንዲቀር መጠበቅ ከባድ ነው። ሩቅ ገጠርን የሚያራቁተው ርቀቱ ነው እንላለን። መሳለሚያን የሚያራቁተው ግን ርቀት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ መሳለሚያ ለታሪክ ተማሪ ጥሩ መፈተኛ ናት፤ ርቀትን ከሒሳቡ ስናወጣ የሚቀረው የገንዘቡ አቅጣጫ ነውና።

ለንጽጽር አንድ የውጭ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። በአሜሪካም የሬዚደንት ሐኪሞች ማሠልጠኛ የመንግሥት ገንዘብ ለአሥርተ ዓመታት በዋነኛነት ወደ ሆስፒታሎች ይፈስስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ግን «የማስተማሪያ ጤና ጣቢያ» የሚባል ፕሮግራም ፈጥሮ ገንዘቡ በቀጥታ ለማኅበረሰብ ክሊኒኮች እንዲሰጥ አደረገ። ሬዚደንቱ የሚሠለጥነው ድሃው በሚታከምበት ቤት ነው፤ ከዚያ የወጡ ሐኪሞችም አገልግሎት ባነሰባቸው አካባቢዎች የመሥራት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ሆኖ ታይቷል። ድክመቱም መነገር አለበት፦ በጀቱ በአጭር በአጭር ጊዜ ስለሚታደስ ክሊኒኮቹ ሠልጣኝ ለመቀበል ሁልጊዜ ይሠጋሉ። ሀብታም አገር መሆን ከዚህ ሥጋት አላዳናቸውም።

እኛ ከባዶ አንጀምርም። ከ70 ዓመት በፊት በቆላ ድባ ይህንኑ ሐሳብ ሞክረነዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2005 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀምሯል፤ ይህ ሙያ በባሕርዩ የጤና ጣቢያን በር የሚወድ ሙያ ነው። የጎደለው ሐሳቡን ከገንዘቡ ጋር ማጋባት ነው። ከሥልጠናው በጀት የተወሰነው እጅ ለማስተማሪያ ጤና ጣቢያዎች በስማቸው ቢመደብ፣ አንጋፋ ሐኪም በዚያ ለማስተማር ቢከፈለው፣ ሠልጣኙ ሲመረቅ የሚገባበት መደብም ገና ትምህርቱን ሲጀምር በከተማው በጀት ላይ ቢሠፍር፣ ግዴታው ይቀላል፤ ምናልባትም አላስፈላጊ ይሆናል።

«ጤና ጣቢያው ሕመምተኛውን ማከም አቅቶት ሳለ እንዴት ያስተምራል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ደካማ ጤና ጣቢያ ደካማ ሐኪም ያወጣል። ነገር ግን ሆስፒታሎቻችንም ማስተማር ሲጀምሩ ደካሞች ነበሩ፤ የጠነከሩት ማስተማራቸው መምህርን፣ መሣሪያንና በጀትን ስለሳበላቸው ነው። ያንን ዕድል ለሰፈር ጤና ጣቢያ የነፈግነው እኛ ነን።

ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ የምትማሩት እህል በረንዳ ላይ ኩንታል የሚሸከመው ሰው ከሚገዛው ዕቃ ላይ በሚከፍለው ግብር ጭምር ነው። ዕዳው በእናንተ ትከሻ ላይ ብቻ እንዲቀር አልፈልግም፤ ሥርዓቱ ዕዳችሁን የምትከፍሉበትን ቤት አልሠራላችሁምና። ይሁን እንጂ ከእናንተ መካከል ነገ በጀት የሚደለድል ይኖራል። ያን ቀን አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ይህ የሥልጠና ገንዘብ በየትኛው በር ይገባል? ሐኪሙም በዚያው በር ይቆማልና።