ጎዙ ደርቆ ቀሚሷ ሲርስ

የፊስቱላ (ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ) ምርመራ ዕቃው ጥቂት ነው፤ ካቴተር፣ ሦስት ቁራጭ ጎዝ፣ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም። ጎዞቹ በሴቷ ብልት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ይደረደራሉ፤ በውሃ የተበጠበጠው ቀለም በካቴተር ወደ ሽንት ፊኛዋ ይገባል። ጥቂት ተቆይቶ ጎዞቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የላይኛው ሰማያዊ ከሆነ ፊኛው ተቀዷል። ረጥቦ ቀለም ካልነካው ግን ሽንቱ የሚያፈተልከው ከኩላሊት ከሚወርደው ቱቦ ነው። ሦስቱም ደረቅ ከሆኑስ?

ጥያቄው የአዲስ አበባውን የፊስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ያስነሣል። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን አዲስ አበባ የገቡት በ1959 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው)። የሦስት ዓመት ውል ይዘው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር የመጡት። ምጥ ለቀናት ጠንቶባቸው ፊኛቸው የተቀደደ ሴቶች ሲበዙባቸው፣ የካይሮውን ሐኪም የናጊብ ማህፉዝን ጽሑፎች እያጠኑ ጥገናውን ተማሩ። በ1974 የራሳቸውን የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። በዚሁ ሕመም መጥታ የቀዶ ጥገና ባለሙያ የሆነችው ማሚቱ ጋሼም ሙያውን የቀሰመችው ከእነርሱ ነው።

የዚህ ሆስፒታል ታሪክ ሲተረክ የሚቆጠረው የተደፈነው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ተደፍኖ ዛሬም ቀሚሷ የሚርሰው ሴት ግን ከትረካው ትወጣለች። በ2002 የታተመ ጥናት እዚያው ከታከሙ 55 ሴቶች መካከል 30ዎቹ ከጥገናው በኋላም ሽንት ያመልጣቸው እንደነበር መዝግቧል። የፊኛ ግፊት ሲለካ የአንዳንዶቹ መዝጊያ ጡንቻ ላልቷል፤ የሌሎቹ ፊኛ ሳይሞላ እየተኮማተረ ሽንቱን ይገፋዋል፤ ሁለቱም ያለባቸው ነበሩ። ሰማያዊው ቀለም ስለዚህ ሁሉ ምንም አይናገርም። የሚያሳየው ቀዳዳን ብቻ ነው።

ፊኛው ያለጊዜው የሚኮማተረው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሌሎች በሌላ ፈሳሽ ጠይቀውታል። በ1957 አሜሪካ ውስጥ ቦርስና ብሊን የበረዶ ውሃ ወደ ፊኛ እያስገቡ፣ አከርካሪያቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ፊኛው ወዲያው ውሃውን ሲተፋው አዩ። በ1979 ደግሞ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ማደንዘዣ አስገቡ። ማደንዘዣው ሊዶኬይን ነበር፤ በ1943 ስቶክሆልም ውስጥ በኒልስ ሎፍግሬን ተቀምሞ፣ ባልደረባው ቤንግት ሉንድክቪስት በገዛ አካሉ ላይ የሞከረው መድኃኒት። በ2000 የጃፓን ሐኪሞች ይህንኑ ለምርመራ ይጠቅም እንደሆነ ፈተሹ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ፊኛው በውሃ ይሞላል፤ ታካሚዋ ሽንቴ መጣ የምትልበት ሚሊ ሊትር ይጻፋል። ይፈስና ሊዶኬይኑ ይገባል፤ ደቂቃዎች ይጠበቃል። እንደገና ይሞላል። አሁን ፊኛው ቀድሞ ከያዘው ይበልጥ ከያዘ፣ ነገሩን የሚቆሰቁሰው ከፊኛው ግድግዳ ወደ ላይ የሚሄደው ነርቭ ነው፤ በተለይ በጤና ጊዜ ዝም ብለው፣ አከርካሪ ሲጎዳ ወይም ፊኛ ሲቆጣ የሚነቁት ቀጫጭን ነርቮች። ካልተለወጠ መንስኤውን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው። ሽንት ብዙውን ጊዜ አሲድነት አለው፤ አሲድ ደግሞ ሊዶኬይን በፊኛው ሽፋን እንዳያልፍ ያግደዋል፤ ስለዚህ ከቢካርቦኔት ጋር የሚደባልቁት አሉ። ፊኛው ያልተለወጠው መድኃኒቱ ነርቩ ጋ ስላልደረሰ ሊሆንም ይችላል። ምርመራው በየሆስፒታሉ የዕለት ተዕለት ሥራ ሳይሆን የቀረው፣ በእኔ ግምት፣ «አይደለም» ብሎ ሲመልስ ስለማይታመን ነው።

ለፊስቱላ ታካሚ ሌላም ችግር አለ። ለቀናት በሕፃኑ ጭንቅላትና በአጥንት መካከል የተጨፈለቀ ፊኛ ከፊሉ ሞቶ ይወድቃል፤ የቀረው በጠባሳ ይሸበሸባል። ጠባሳ ደግሞ በማደንዘዣ አይለጠጥም። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆኖ ይጻፋል።