ከድሬሰር እስከ ደረጃ 4 ነርስ፦ የነርስነት ሙያ ታሪክና የሥራ ድርሻ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

የመካከለኛ ደረጃ ነርስ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓት በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሠልጥኖ፣ የሙያ ብቃት ምዘና አልፎና የሙያ ሥራ ፈቃድ አግኝቶ የሕክምናና የእንክብካቤ አገልግሎት የሚሰጥ የጤና ባለሙያ ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ወረዳዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ታካሚ በመጀመሪያ ከሚያገኛቸው ባለሙያዎች አንዱ ይኸው ነርስ ነው። ይሁን እንጂ በገጠሩ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ «ድሬሰር» ወይም «ዶክተር» ብሎ መጥራት የተለመደ በመሆኑ፣ ተገልጋዩ ማን ምን አገልግሎት እንደሚሰጠው ለመለየት ሲቸገር ይታያል። ልዩነቱን ማወቅ፣ በተለይ ምጥ ለያዛት እናትና በድንገት ለታመመ ሕፃን፣ ጊዜንና ሕይወትን ያተርፋል።

የሙያው አመጣጥ

ዘመናዊ ሕክምና ከመስፋፋቱ በፊት የአካባቢው ነዋሪ ስብራትን ወደ ወጌሻ፣ ወሊድን ወደ ልምድ አዋላጅ፣ ሌላውን ሕመም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂና ወደ ጠበል ይወስድ ነበር። የጠናበት በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ሆስፒታሎች ሲከፈቱ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉና የሕክምና መሣሪያ የሚቀቅሉ ረዳቶች በሥራ ላይ ሠለጠኑ። ድሬሰር የሚለው ስም የመጣው ከእነዚህ ሠራተኞች ነው።

በመደበኛ ትምህርት ነርስ ከሆኑት ቀደምት ኢትዮጵያውያን መካከል ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል። በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመዘገቡ፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ አረፉ። በ1940ዎቹ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን ጨምሮ በአዲስ አበባ የነርስ ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመሩ። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ማሰማራት ጀመረ። በዚህም የነርስ ሥራ ከሆስፒታል አልጋ አልፎ ወደ ቤተሰብና ወደ መንደር ወጣ።

ከጤና ረዳት ወደ ነርስ

በ1971 ዓ.ም. መባቻ በአልማ አታ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን የአገሮች ሁሉ አቅጣጫ አድርጎ አወጀ። በኢትዮጵያም በዚያው ዘመን የጤና ረዳቶች፣ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች በገጠር ተሰማሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከወጣው ብሔራዊ የጤና ፖሊሲ በኋላ የጤና ረዳትነት እየቀረ ሄዶ፣ በሥራ ላይ የነበሩት ወደ ጁኒየር ነርስነት፣ ቀጥሎም ወደ ዲፕሎማ ነርስነት የሚያድጉበት መንገድ ተከፈተ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን በመመደብ የመከላከሉን ሥራ ወደ ጤና ኬላ ሲያወርድ፣ የነርሱ ድርሻ ይበልጥ ወደ ሕክምና፣ ወደ ክትትልና ወደ ድጋፍ አተኮረ።

ማን ምን ይሠራል?

• የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ በጤና ኬላና በየቤቱ የጤና ትምህርት፣ ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ትሰጣለች፤ የታመሙ ሕፃናትን በመመሪያው መሠረት ታክማለች፤ ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች።
• ደረጃ 4 ነርስ፦ የታካሚውን ሙቀት፣ የደም ግፊትና አተነፋፈስ ይለካል፤ የታዘዘ መድኃኒት ይሰጣል፤ ቁስል ያክማል፤ የተለመዱ በሽታዎችን በብሔራዊ የሕክምና መመሪያ መሠረት ያክማል።
• የዲግሪ ነርስ፦ ከዚህ በተጨማሪ የእንክብካቤ ዕቅድ ያወጣል፤ የነርሲንግ ቡድን ይመራል።
• አዋላጅ ባለሙያ፦ የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት ትሰጣለች። ይህ ከነርስነት የተለየ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከጤና ጣቢያ በላይ የሆነ ሕመም እንደ አካባቢው ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም በአለም ከተማ ወደሚገኘው እናት ሆስፒታል ይላካል። እናት ሆስፒታል «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው የረድኤት ድርጅት ያስገነባው ነው። የጀማ ወንዝ ሸለቆና የመንዝ ገደላማ መንገድ ጉዞውን ስለሚያራዝሙ፣ ነርሱ አደገኛ ምልክትን ቀድሞ መለየቱና ታካሚውን ሳይዘገይ መላኩ የሥራው ዋና ክፍል ነው። መኖሪያዋ ከጤና ጣቢያ የራቀ ነፍሰ ጡርም የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ባለበት ጤና ጣቢያ ቀድማ ገብታ እንድትጠብቅ ይመከራል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የክትባት አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ወደ ሙያው ለመግባት

የደረጃ ሥልጠናው በቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008 በተመለከተው ሥርዓት ውስጥ ይካሄዳል። ለአካባቢው ወጣቶች ቅርብ የሆነው የመንግሥት ተቋም የደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። የመግቢያ መስፈርቱና የሚከፈቱ የሙያ ዘርፎች በየዓመቱ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ፣ አመልካቾች የዓመቱን ማስታወቂያ ከኮሌጁ ወይም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ትምህርት ጨርሶ የምስክር ወረቀት መያዝ ብቻውን ለሥራ አያበቃም፤ የብቃት ምዘና ማለፍና የሙያ ሥራ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል።

የተገልጋዩ መብትና ጥንቃቄ

ማንኛውም ተገልጋይ የሚያክመውን ባለሙያ ስም፣ ሙያና ደረጃ የመጠየቅ፣ ስለ ሕመሙና ስለሚሰጠው መድኃኒት በሚገባው ቋንቋ ማብራሪያ የማግኘት መብት አለው። ያለ ፈቃድ በመኖሪያ ቤት ወይም በገበያ መርፌ መውጋት ሕገ ወጥ ነው፤ ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌም የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ድሬሰር ያኔ የዘመኑን ክፍተት ሸፍኗል፤ ዛሬ ግን በዚያ ስም ያለ ፈቃድ የሚሠራን ሰው ማመን አደጋ አለው። እንዲህ ያለ ድርጊት ያጋጠመው ወይም በአገልግሎቱ ቅሬታ ያለው ሰው በቅድሚያ ለጤና ተቋሙ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።