የተሰነጠቀ ከንፈርና የአንድ ሳምንት ሐኪሞች

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ከውጭ አገር በበጎ ፈቃድ ለመጡ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቼ ነበር። ቡድኑ የመጣው ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆችን በነፃ ለማከም ነው። የመጀመሪያው ቀን የምርመራ ቀን ስለነበር ግቢው ገና በማለዳ በሰው ተሞላ። አብዛኞቹ እናቶች ነጠላቸውን በልጆቻቸው ፊት ላይ ጣል አድርገዋል። የሸፈኗቸው ከፀሐይ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም።

ከእነሱ አንዷ የአራት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋ ነበር። ሕፃኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ አራት ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ሳልም ነበረበት። የሕፃናት ሐኪሟ በዚህ ሁኔታ ማደንዘዣ መስጠት ለሕይወቱ እንደሚያሰጋ፣ ክብደት ሲጨምርና ሳሉ ሲለቀው መታከም እንደሚችል እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እናትየው ጥቂት ዝም አለችና፣ "እሺ ወንድሜ፣ እስኪጠነክር እጠብቃለሁ። እነሱስ እስከዚያ ይቆያሉ?" አለችኝ። ጥያቄዋን ተረጎምኩ። ሐኪሟ ወዲያው አልመለሰችም። ቡድኑ የሚሄደው እሑድ ነበር።

ስለዚህ ሕክምና ማንበብና ባለሙያዎችን መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያች ጥያቄ በኋላ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

የፅንስ ፊት የሚሠራው ከተለያየ አቅጣጫ የሚያድጉ ክፍሎች እርስ በርስ ሲገጣጠሙ ነው። ከንፈር የሚገጥመው በአራተኛውና በሰባተኛው የእርግዝና ሳምንት መካከል ሲሆን፣ ላንቃ ደግሞ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ሳይገጥም የቀረው ቦታ ተሰንጥቆ ይቀራል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በአማካይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ከዚህ ችግር ጋር እንደሚወለድ ይገመታል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። ከዘር የሚወረሱ ሁኔታዎች፣ በእርግዝና ወቅት ሲጋራ ማጨስ፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር ሕመም እንዲሁም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አደጋውን ይጨምራሉ። በሜክሲኮ የፀሐይ ወይም የጨረቃ ግርዶሽ ያመጣው ነው የሚሉ አሉ፤ በእኛም ዘንድ እርግማን ወይም ቁጣ ነው የሚል አይጠፋም። ሐቁ ግን እናትየው በጥፋቷ ያመጣችው ነገር አለመሆኑ ነው።

ጉዳዩ የመልክ ብቻም አይደለም። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ስቦ መጥባት ይቸግረዋል፤ ወተቱም በአፍንጫው ይመለሳል። በዚህ የተነሳ ለምግብ እጥረት ይጋለጣል፤ ለኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውን ክብደት ሳይደርስ የሚሞትም አለ። ያደገው ደግሞ ንግግሩ በአፍንጫ እየወጣ ለመግባባት ይቸገራል፤ በተደጋጋሚ የጆሮ ሕመምም ይጠቃል።

ሦስቱ አሥሮች

ሐኪሞች ከንፈር ለመስፋት ሲወስኑ ለረጅም ዓመታት የሦስት አሥሮች መለኪያ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ሕፃኑ 10 ሳምንት የሞላው፣ 10 ፓውንድ ማለትም አራት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን፣ የሄሞግሎቢን መጠኑም 10 ግራም የደረሰ መሆን አለበት። የዚያች እናት ልጅ ዕድሜው ቢደርስም ክብደቱ አላለፈም። ላንቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፋው ቆየት ብሎ፣ በአንድ ዓመት ዕድሜ አካባቢ ነው።

የከንፈሩ ኦፕራሲዮን አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን አንዱን ዘዴ የፈለሰፉት አሜሪካዊው ሐኪም ራልፍ ሚላርድ ሲሆኑ፣ ሐሳቡን ያዳበሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኮሪያ በወታደር ሐኪምነት ሲያገለግሉ ነው።

በጎ ፈቃደኞቹ እነማን ናቸው?

የዚህ ዓይነቱን ጉዞ በተደራጀ መንገድ ከጀመሩት አንዱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ዶናልድ ላውብ ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከንፈሩና ላንቃው የተሰነጠቀ አንድ ታዳጊ ከሜክሲኮ መጥቶ በስታንፎርድ ሲታከም ካዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ኢንተርፕላስት የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ማጊና ነርስ የሆኑት ባለቤታቸው ካቲ ማጊ ከአንድ የሐኪሞች ቡድን ጋር ወደ ፊሊፒንስ፣ ናጋ ከተማ ተጓዙ። ቡድኑ ሊያክም ከቻለው እጅግ የሚበልጥ ሕዝብ መጥቶ ስለነበር ብዙዎች ሳይታከሙ ተመለሱ። ባልና ሚስቱ ተመልሰው ለመሄድ ሲሉ ኦፕሬሽን ስማይልን አቋቋሙ።

እንዲህ ያለ ቡድን የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣና የሕፃናት ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ የጥርስና የንግግር ባለሙያዎችን ይይዛል። ብዙዎቹ የሚመጡት የዓመት ፈቃዳቸውን ሠውተው ነው። አብሬያቸው የሠራኋቸው ሰዎች ከማለዳ እስከ ምሽት ቆመው ሲሠሩ አይቻለሁና ልፋታቸውን አላቃልልም።

ከሄዱ በኋላስ?

ይሁን እንጂ ሕክምናው በአንድ ስፌት አያበቃም። የተሰፋ ላንቃ ተመልሶ ቀዳዳ ሊያበጅ ይችላል። ልጁ የንግግር ልምምድ፣ የጆሮ ክትትል፣ የጥርስ ማስተካከያ፣ ብዙ ጊዜም ቋሚ ጥርስ በሚያበቅልበት ዕድሜ የድድ አጥንት ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል። ይህ የዓመታት ሥራ በአንድ ሳምንት ጉብኝት አይሸፈንም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ስማይል ትሬን ሌላ መንገድ የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪም ከውጭ ከመላክ ይልቅ በየአገሩ ያሉትን ያሠለጥናል፤ ለሚሠሩትም ኦፕራሲዮን ወጪ ይሸፍናል። በዚህ አሠራር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ኦፕራሲዮኖች ተደግፈዋል። ኦፕሬሽን ስማይልም ቢሆን በጉዞ ብቻ አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድ አሳም ግዛት፣ በጉዋሃቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ማዕከል ከግዛቱ መንግሥት ጋር በመተባበር ከፍቷል።

በአገራችንም በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ኢትዮጵያውያን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ይህን ሕክምና ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የእንግሊዙ ፕሮጀክት ሐረር በበኩሉ በገጠር ያሉ ሕሙማንን ፈልጎ ወደ ሕክምና በማድረስ ሲሠራ ቆይቷል። ለገጠር ቤተሰብ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ከኦፕራሲዮኑ ባልተናነሰ እንቅፋት ነውና ይህ ቀላል እርዳታ አይደለም።

የዚያች እናት ጥያቄ መልስ ያገኘው ከሆስፒታሉ ነርሶች አንዷ ስሟን በመዝገብ ስላሰፈረች ነው። ነርሷ ወተት አልባ ልጁን ቀና አድርጎ በማንኪያ መመገብን አሳየቻት፤ በየወሩም እየመጣ እንዲመዘን አደረገች። ልጁ ዓመት ሳይሞላው አዲስ አበባ ተወስዶ በኢትዮጵያዊ ሐኪም እጅ ታከመ። በዚያን ቀን ፎቶ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ካያችሁ ሕክምና እንዳለው ለወላጆቹ ንገሯቸው፤ አመጋገቡን የሚያሳያቸው የጤና ባለሙያም ቶሎ እንዲያገኙ እርዷቸው። ገንዘባችሁን ወይም ሙያችሁን ለእንዲህ ያለ ቡድን ለመስጠት ያሰባችሁ ደግሞ ስንት ልጅ እንዳከመ ብቻ አትጠይቁ። በቀጣዩ ሰኞ ልጆቹን የሚያያቸው ማን እንደሆነም ጠይቁ።