በግሪክ ሸክላ ላይ ያለው «ጥቁር ሰው» ማን ነው? ጥቂት የጥንት ሥነ ጥበብ ቃላት

በለንደን ወይም በኒውዮርክ ሙዚየም የጥንት ግሪክ ሸክላዎች ፊት ስንቆም መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው በምስሎቹ ጥቁረት ላይ ነው። «እነዚህማ የእኛ ሰዎች ናቸው» የሚል ክርክር ከወዳጆቼ ጋር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እኔ መሐንዲስ እንጂ የሥነ ጥበብ ምሁር አይደለሁም። ነገር ግን መልሱ ያለው እቶኑ ውስጥ ስለሆነ፣ በመግለጫዎቹ ላይ የሚዘወተሩትን ጥቂት ቃላት ላብራራ።

ጥቁር ምስል፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት (ከክ.ል.በ.) በ7ኛው ክፍለ ዘመን በቆሮንቶስ ተጀምሮ በ6ኛው በአቴና የጎለበተ አሠራር ነው። ጥቁሩ ነገር ቀለም አይደለም። በውስጡ ብረት ያለበት፣ በውሃ ተበጥብጦ የጠለለ ደቃቅ ሸክላ ነው። ሠዓሊው ምስሉን በዚህ ይቀባል፤ የፊቱንና የልብሱን መስመር በሹል ነገር ይጭራል። ከዚያ የእቶኑ ሥራ ይቀጥላል። መጀመሪያ አየር እየገባ ሲቃጠል ሁሉም ይቀላል። ቀጥሎ የአየር መግቢያው ተዘግቶ እርጥብ እንጨት ይጨመራል፤ ኦክስጅን ሲያጥር ሁሉም ይጠቁራል፤ ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋም የተቀባው ክፍል እንደ መስታወት ይደፈናል። በመጨረሻ አየር ሲለቀቅ የዕቃው ገላ መልሶ ይቀላል፤ የተደፈነው ክፍል ግን አየር ስለማያስገባ እንደጠቆረ ይቀራል። ይህ ሁሉ ያለ ሙቀት መለኪያ! ስለዚህ አኪለስም ሄራክለስም ጥቁር ናቸው። ሴቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነጭ ይደረብባቸዋል።

ቀይ ምስል፦ በ530 ከክ.ል.በ. ገደማ አቴናውያን ነገሩን ገለበጡት። መደቡ ይጠቁራል፤ ሰውየው በሸክላው ቀለም ይተዋል።

ኤትዮፕስ፦ ግሪኮች በተለይ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሕዝብ የጠሩበት ስም ነው፤ «ፊቱ የተቃጠለ» ማለት ነው። የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብቻ አያመለክትም። የወዳጆቼ ክርክር መሠረት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ኤክሴኪያስ እንደሳለው የሚታመን የጥቁር ምስል እንስራ አለ፤ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ከሁለት አጃቢዎቹ ጋር ይታይበታል። ሦስቱም እኩል ጥቁር ናቸው። አጃቢዎቹ አፍሪካውያን መሆናቸው የሚታወቀው በአፍንጫቸውና በጠጉራቸው ነው። ንጉሡ ግን እንደማንኛውም የግሪክ ጀግና ተሥሏል።

ቡኬሮ፦ በጣሊያን የኖሩት ኤትሩስካውያን ሸክላ ሲሆን ውስጡም ውጭውም ጥቁር ነው። እቶኑ አየር ከተነፈገ በኋላ መልሶ አልተከፈተለትም። በአገራችን ትኩስ ሸክላ በቅጠል ጭስ ሲጠቁር ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ቴራ ሲጂላታ፦ የሮማውያን አብረቅራቂ ቀይ የገበታ ዕቃ ነው። ልባሱ ከግሪኩ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን አየሩ ስለማይዘጋ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ብዙው በቅርጽ ማውጫ እየተጫነ በብዛት ይመረት ነበር። በዛሬዋ አሬዞ በተሠሩት ላይ የአውደ ጥናቱ... ይቅርታ፣ የሥራ ቤቱ ማኅተም ይገኛል፤ አንዳንዱ ማኅተም ከባለቤቱ ስም ጋር ዕቃውን የሠራውን ባሪያ ስም ይዟል።