ለምን? ብላ የጠየቀች ሴት
(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሴቶችና ስለ ሳይንስ ነው። ሳይንስ የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። ሳይንስ ማለት አንድን ነገር አይቶ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን ሞክሮ መፈለግ፣ የተገኘውንም ለሌላ ሰው እንዲተርፍ መጻፍ ማለት ነው። ሦስት ነገር ነው፤ መጠየቅ፣ መሞከር፣ መጻፍ። እነዚህን ሦስቱን በጣታችሁ ቆጥራችሁ ያዙልኝ።

በማጀት ያለ እውቀት

እስቲ ከራሳችን ቤት እንጀምር። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምን ሆነ በማቻክል፣ አንዲት እናት የጤፍ ዱቄት በውሃ ታቦካለች። እርሾ ትጨምርበታለች። ሁለት ሦስት ቀን ታቆየዋለች። ከዚያ ከላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ ትቀዳና ጥቂቱን ለሚቀጥለው ቡኮ ታስቀራለች። እርሾ የምንለው ይኸው ነው። ከሊጡ ቀንሳም አብሲት ትጥላለች። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዷን ታሰማለች፤ እንጀራውም ዓይን በዓይን ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ እርሾው ውስጥ ምን አለ? በዓይን የማይታዩ፣ ነገር ግን ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ጤፉን ይመገባሉ፣ ይራባሉ። ሊጡን የሚያኮመጥጡት እነሱ ናቸው። አየርም ያወጣሉ። የእንጀራው ዓይን ያ አየር የወጣበት ቀዳዳ ነው።

ሉዊ ፓስተር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ፣ መቡካትና መፍላት የእነዚህ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1857 ጀምሮ በምርምር አሳየ። ስሙን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ከትናንቱ ቡኮ ለነገው እርሾ ማስቀረትን መጀመሪያ ያወቀችው ሴት ግን ስሟ ማን ይባላል? አልተጻፈም።

ሌላም አለ። እናቶቻችን የወተቱን ቅልና የጠላውን ጋን አጥበው በወይራ ያጥናሉ። ለምን ብትሏቸው፣ «እንዳይበላሽ፣ ደግሞም እንዲጣፍጥ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የእንጨት ጭስ ወተትን የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ያዳክማል። ልብ በሉ! እንጨት ሁሉ ለማጠኛ አይሆንም። አንዱ ይመራል፤ አንዱ ይከረፋል። ወይራ የተመረጠው ተሞክሮ፣ ተቀምሶ፣ ተወዳድሮ ነው። እንግዲህ መጠየቁም መሞከሩም በማጀታችን ነበረ። የጎደለው ሦስተኛው ነው፤ መጻፉ።

ስሟ የተዘነጋባት ፋኒ

ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፊደል በሞላበት በአውሮፓም የሴቶች ስም እየተዘለለ ሄዷል። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1881 በጀርመን አገር ሮበርት ኮህ የሚባል ታላቅ ሐኪም ነበረ። በሽታ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ለያይቶ ለማየት ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ተሕዋስያኑ የሚበቅሉበት፣ እንደ ረጋ ነገር ያለ መደብ ያስፈልገዋል። በከብት አጥንትና ቆዳ ከሚሠራው ጄላቲን ያረጋ ነበር። ግን በጋ ሲሆን ጄላቲኑ እየቀለጠ አስቸገረ። አንዳንዶቹ ተሕዋስያንም ራሳቸው እየበሉ ያሟሙት ጀመር። ሥራው ተበላሸ።

ከኮህ ጋር ከሚሠሩት አንዱ ቫልተር ሄሰ ይባላል። ሚስቱ ፋኒ ሄሰ አሜሪካ የተወለደች ናት፤ ባልዋን በምርምሩ ታግዛለች፣ የሚያየውንም በሥዕል ታነሳለታለች። ቫልተር ታዲያ፣ አንቺ የምትሠሪው ጣፋጭ ምግብ በዚህ ሁሉ ሙቀት የማይቀልጠው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም ምሥጢሩን ነገረችው። ከባሕር ውስጥ ሣር የሚወጣ ማርጊያ አለ። በሩቅ ምሥራቅ በሙቅ አገር የኖሩ ጎረቤቶች ነበሯትና ከነሱ ተምራዋለች። የነገሩ ስም «አጋር» ይባላል። በእኛ ቋንቋ አጋር ማለት ረዳት መሆኑ እንዲያው መገጣጠም ነው፤ ግን ሥራውም ረዳትነት ሆነ።

አጋርን የበጋ ሙቀት አይፈታውም። ተሕዋስያኑም በቀላሉ አይበሉትም። ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ማግኘቱን ሲያስታውቅ አጋርን ጠቅሷል፤ ከማን እንደተገኘ ግን አልጻፈም። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ ላቦራቶሪ ተሕዋስያን የሚበቅሉት በአጋር ላይ ነው። ስንት ሺህ ሕመምተኛ በዚህ ተመርምሮ መድኃኒቱን አገኘ! ፋኒ ሄሰ ግን ለዘመናት በምስጋናው መዝገብ አልገባችም።

ክፉ ቀንና አንበጣ

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» እያሉ የሚያወሱትን ዘመን ሰምታችኋል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሁሉ ፈጀው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። በዚያ ላይ ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣ መጣ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ።

አንበጣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። አንዱ የበረሃ አንበጣ ክብደቱ 2 ግራም ያህል ነው። በቀን የሚበላውም የራሱን ክብደት ያህል ነው። ግን ብቻውን አይመጣም። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መንጋ 40 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖረው ይችላል። ያ መንጋ በአንድ ቀን የሚፈጀው 35,000 ሰው በቀን የሚመገበውን ያህል ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣ ወሎን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ክፍል ሰብል ማውደሙን ታስታውሳላችሁ።

አንበጣ በመጣ ቁጥር ሰው እልል ይላል፣ ቆርቆሮ ይመታል፣ ጭስ ያጨሳል። አንዲት የጎጃም ልጅ ግን ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አደረገች፤ አስባ ጠየቀች።

የፍኖተ ሰላሟ ልጅ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ፣ ደምበጫን እንዳለፋችሁ ፍኖተ ሰላም ትገኛለች። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1957 የተወለዱት እዚያ ነው። ቤተሰባቸው ገበሬ ነው። ሲያርሙ፣ ሲያጭዱ፣ ከብት ሲጠብቁ አደጉ። በልጅነታቸውም የአንበጣ መንጋ በመንደራቸው ሰብል ላይ ወርዶ ሙልጭ አድርጎ ሲበላው አዩ። የዓመት ድካም በአንድ ቀን ሲጠፋ ያየ ልጅ አይረሳውም። እሳቸውም አልረሱትም። የእርሻ ሳይንስ ለመማር ያነሳሳቸው ይህ ነው።

በዚያ ጊዜ በገጠር ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ከመሄዷ ይልቅ መዳሯ ይቀድም ነበር። ሰገነት ግን አልታዘዝም ባይ፣ እልኸኛ ልጅ ነበሩ። ይህም ጠባያቸው ያለ ዕድሜ ከመዳር እንዳዳናቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ከዚያ አሜሪካ ተሻግረው በእጽዋት በሽታ ጥናት እስከ ዶክትሬት ደረሱ።

ሴት ልጅ ትምህርት አይዘልቃትም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው ጎጃም ቀድማ መልሳለታለች። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው የማያይ ሆኖ ሳለ በጎጃም ቅኔ አስተምረው ሊቃውንትን ያፈሩ ሴት ናቸው። ቅኔን በጨለማ ያየች አገር፣ ሳይንስን በብርሃን እንዴት ታጣዋለች?

ዶክተር ሰገነት ብዙ ዓመት የሠሩት በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ በሚገኝ ዓለም አቀፍ የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው። ከ1992 እስከ 2007 በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። ካጠኑት አንዱ ብራኪያሪያ የሚባል የከብት መኖ ሣር ነው። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። በደቡብ አሜሪካ ግን በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተዘርቶ የከብት ሀብታቸው መሠረት ሆኗል።

የዚህ ሣር ምሥጢር ምንድን ነው? በሣሩ አካል ውስጥ ጥቃቅን ፈንገሶች ይኖራሉ። ሣሩን አይጎዱትም። ሣሩ ያበላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ከበሽታና ከድርቅ እንዲቋቋም ያግዙታል። ይህ እንደ እኛ ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ያንተን አርማለሁ፤ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ። ሰው ሲያየው ተራ ሣር ነው። የጠየቀ ሰው ግን በውስጡ ጉርብትና አገኘበት።

በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው ናይሮቢ ገቡ። እዚያም ይህ ሣር ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ለአፍሪካ ገበሬ ከብት እንዲውል የሚያደርግ ሥራ እንዲጀመር አደረጉ። በ2013 ደግሞ በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ የሚባለውን፣ እንዲመሩ ተሾሙ። ማዕከሉ በ1970 የተቋቋመ ነው። ሴት መሪ ያየው በእሳቸው ነው። ለአሥር ዓመት ያህል መርተውታል። አስቡት! በአንበጣ ሰብሏ የተበላባት የገበሬ ልጅ፣ ስለ ነፍሳት የሚመራመር ትልቅ ቤት መሪ ሆነች።

በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ሎሬያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት በፓሪስ ተቀበሉ። የተሸለሙት በዚያው በሣሩና በጥቃቅን ተሕዋስያኑ ጉርብትና ጥናት ነው። ዛሬ ግን በገበያ ቀን መንገደኛውን አስቁማችሁ «ሰገነት ቀለሙ ማን ናቸው?» ብትሉት፣ የሚያውቅ ስንት ይሆናል? የሯጮቻችንን ስም ሕፃን ሳይቀር ይቆጥራል። ይህም ስም ከነሱ ጎን ይቆጠር።

ስንቷ ቀረች?

አንባቢዎች ሆይ፣ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ሰገነት ወጡ። አብረዋቸው እንጨት ሲለቅሙ የነበሩትስ? ከመካከላቸው ስንቷ «ለምን?» የሚል ጥያቄ በልቧ ይዛ በልጅነቷ ተዳረች? የሞተ በሬ ይታያል፤ በአንበጣ የተበላ ማሳ ይታያል። ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ግን አይታይምና ማንም አያለቅስለትም። ጉዳቱ ግን የሁላችን ነው። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ልጃችሁ «እማዬ፣ ወተቱ ለምን ይረጋል? አባዬ፣ አንበጣው ከየት ይመጣል?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ዝም በይ፣ ነገረኛ» አትበሏት። ካወቃችሁ ንገሯት። ካላወቃችሁ «አብረን እንጠይቅ» በሏት።

በ1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ብዙ እናቶች እርሳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨበጡ። እናንተም ዛሬ ጨብጣችኋል። እንግዲያው በዚያ እርሳስ የራሳችሁን ስም ብቻ አትጻፉበት። የእናታችሁን ሙያ ጻፉበት። ጠላ ስትጠምቅ ጌሾውንና ብቅሉን እንዴት እንደምትመጥን፣ ለዘር የሚሆነውን እህል በምን እንደምትለይ፣ ከማን እንደተማረችው ጻፉ። ስሟንም ከላይ አድርጉት።

በቤት የምትሠሯቸው ሦስት ነገሮች፤

1. በዚህ ሳምንት ያያችሁትንና «ለምን?» ያሰኛችሁን አንድ ነገር ጻፉ።
2. በመንደራችሁ በሙያዋ የታወቀች አንዲት ሴት ጠይቁ። ስሟንና የነገረቻችሁን በአምስት መስመር ጻፉ።
3. ይህን ንግግር ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።